ሰባቱ ኮቴዎች

በአንድ ተራራማ አገር፣ ነጋዴ ሁሉ የሚያልፍበት ጠባብ በር ነበር። በበሩ ላይ ኬላ አለ፤ በኬላውም አንድ ጠባቂ። የአገሩ ንጉሥ ከጥንት የጸና አዋጅ አላቸው፦ በሌሊት የሚያልፍ መንገደኛ አይቆምም፣ ጭነቱ አይፈታም፣ ፊቱ ላይ መብራት አይበራበትም። አዋጁ የወጣው ሽፍቶች የኬላ ጠባቂ እየመሰሉ ሲራራ ነጋዴውን ዘርፈው ከጨረሱት በኋላ ነው። ስለዚህ ጠባቂው ሌሊት የሚያልፈውን ማየት አይችልም። ለእሱ የሚቀርለት መሬት ላይ የቀረው ብቻ ነው።

ነጋድራሱን አንድ ነገር እንቅልፍ ነሥቷቸዋል። ከተራራው ወዲያ ባለው ገበያ ወርቅ ይሸጣል፤ በኬላው መዝገብ ግን ወርቅ አለፈ ተብሎ የተጻፈበት አንድም ቀን የለም። ጨው አለ፣ ቡና አለ፣ ሰም አለ። ሒሳቡን የመረመሩ ሊቃውንት ሁሉ «ከአሞሌ እጅግ የሚከብድ ሌላ ጭነት በሌሊት ሳያልፍ አይቀርም» ይላሉ። ያየው ሰው ግን የለም። ነጋድራሱ ጠባቂውን አስጠርተው «ፈልግልኝ» አሉት።

ጠባቂው አልቸኮለም። መንገዱ በሁለት ቋጥኞች መካከል በሚጠብበት ቦታ መረሬ አፈር አስመጥቶ አስደለደለ። በየምሽቱ ውኃ ያርከፈክፍበታል፤ በእጁ እየዳበሰ ጠጠሩን ይለቅማል፤ በሰፊ ሳንቃ ያስተካክለዋል። ሲጨርስ የጉንዳን መንገድ እንኳ ይታይበታል። ጎህ ሲቀድ ተንበርክኮ በእያንዳንዱ ኮቴ ውስጥ በጣት ስፋት ልክ ምልክት የተቀረጸበት ሸምበቆ ይከታል፤ ጭቃው ሸምበቆውን እስከ የት እንደነካው ያያል።

የመጀመሪያውን ዓመት ምንም አልፈለገም፤ ለመማር ብቻ ተጠቀመበት። ቀን ቀን፣ ማየት በሚፈቀድለት ሰዓት፣ ባዶ በቅሎ አንድ ጣት እንደምትሰምጥ፣ አሞሌ የጫነች ሁለት ጣት፣ ብርቱ አጋሰስ ደግሞ ሙሉ ጭነት ተሸክሞ ሦስት ጣት እንደሚደርስ አወቀ። አራት ጣት የሚደርስ የለም ለማለት ጥቂት ቀረው፤ አንዳንዴ ግን እንስሳ ይደናቀፋል፣ ወይም አፈሩ ከሥሩ ይለሰልስና ኮቴው ከልኩ አልፎ ይሰምጣል። ይህንንም ቆጠረው። በአንድ ዓመት ሌሊቶች ውስጥ በእንዲህ ያለ አጋጣሚ አራት ጣት የሚደርስ ኮቴ አንድ እንኳ እንደማይሞላ አሰላ።

ከዚያ ወደ ነጋድራሱ ሄደና ጸሐፊው እንዲህ ብሎ እንዲጽፍለት ጠየቀ፦ «አራት ጣትና ከዚያ በላይ ይቆጠራል። ከዚያ በታች፣ የክር ውፍረት ያህል እንኳ ቢጎድል፣ አይቆጠርም።» ወረቀቱ ታተመበት።

«ለምን አሁን? አይተህ ብትወስን አይሻልም?» አሉት ነጋድራሱ።

«ጌታዬ፣ እያየሁ ደንብ ካወጣሁ ዓይኔ የወደደውን ደንብ አደርገዋለሁ» አላቸው።

ይህም አልበቃውም። ጭቃ አንድ ምስክር ነው፤ ሁለተኛ ፈለገ። ከባድ የጫነ እንስሳ ይዘገያልና ፍጥነቱን ሊለካ አሰበ። ልጁን ከታች ከወንዙ መሻገሪያ አስቀመጠው። ልጁ እሳት በሸክላ ውስጥ ሸሽጎ ይዟል፤ እንስሳው ከውኃው ሲወጣ ክዳኑን ከፍቶ ብልጭታውን ወደ ኬላው ብቻ ያሳያል። ሚስቱ በኬላው ደጃፍ ተቀምጣ ብልጭታውን ስታይ «አቡነ ዘበሰማያት» ትጀምራለች፤ ሳታፈጥን፣ ሳታዘገይ፣ ኮቴው ጭቃውን እስኪረግጥ ድረስ። ባዶ በቅሎ ስምንት አቡነ ዘበሰማያት ይፈጅባታል፤ አሞሌ የጫነች አሥራ ሁለት። ከአሞሌ የሚከብድ ነገር የጫነ ከአሥራ ሁለት ማለፍ አለበት። እንስሳው ባለፈ ቁጥር ጠባቂው በጨለማ እየዳሰሰ ከኮቴው አጠገብ ችካል ይተክላል፤ በችካሉ ላይም ሚስቱ የቆጠረችውን ያህል ቋጠሮ ያለው ክር ያስራል። ስንት ጣት እንደሰመጠ ግን እስኪነጋ አያውቅም። ሁለቱ ምስክሮች የሚገናኙት በብርሃን ነው።

ዓመቱ ዞረ። በዚያ ሁሉ ሌሊት ውስጥ አራት ጣትና ከዚያ በላይ የሰመጡ ሰባት ኮቴዎች ተገኙ።

ሰባት! አንድ የማይሞላ በተጠበቀበት። ጠባቂው የሰባተኛውን ሸምበቆ ከጭቃው ሲያወጣ እጁ ተንቀጠቀጠ ይላሉ። ከዚያ ወደ ችካሎቹ ሄደ። የመጀመሪያውን ክር ቆጠረ፤ ስምንት ቋጠሮ። ሁለተኛው ስምንት። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ አምስተኛው ስምንት። ስድስተኛው ዘጠኝ፤ ሰባተኛው ስምንት። ጭቃው «ከባድ ነው» ብሎ የመሰከረባቸው ሰባቱም እንስሳት በባዶ በቅሎ እርምጃ ነበር ያለፉት።

ሦስት ወር ሙሉ የራሱን ሥራ ሲመረምር ከረመ። የሸምበቆው ምልክቶች ተፍቀው እንደሆነ አዲስ ሸምበቆ ቀርጾ አስተያየ። ሰባቱ ኮቴዎች በነበሩበት ቦታ አፈሩን ቆፍሮ ከሥሩ የለሰለሰ ይኖር እንደሆነ አየ። የራሱን በቅሎ አንዴ ባዶዋን፣ አንዴ አሞሌ ጭኖ በዚያው ጭቃ ላይ አመላለሳት። ልጁ አንቀላፍቶ ብልጭታውን አዘግይቶ እንደሆነ፣ ሚስቱም ጸሎቱን አፍጥና እንደሆነ ሳይነግራቸው ፈተናቸው። ስሕተት አላገኘም። ጭቃውም ልክ ነው፤ ቆጠራውም ልክ ነው፤ ሁለቱ ግን አይስማሙም።

ወጣቱ ጸሐፊ ይህን ሲሰማ ዓይኑ በራ። «ጋሼ፣ ነጋድራሱ የጠየቁዎት ከባድ ጭነት ነው። ሰባቱን ኮቴ ይጻፉ። ቆጠራው የእርስዎ የጓዳ ነገር ነው፤ ማን ጠየቀዎት? ስምዎ ከበር እስከ በር ይጠራል» አለ።

ከጠባቂው በፊት ኬላውን የጠበቁት ሽማግሌ ደግሞ በተቃራኒው መከሩት። «ልጄ፣ ቆጠራው ባዶ ናቸው ብሏል። ባዶ ከሆኑ የጭቃውን ነገር ለምን ታወራለህ? ነገ ሐሰት ሆኖ ሲገኝ ኬላው ሁሉ ይዋረዳል። መረሬውን ድጋሚ ለቅልቀህ ዝም በል» አሉት።

ጠባቂው ሁለቱንም አመሰገነና ደብዳቤውን በራሱ እጅ ጻፈ። ሰባቱን ኮቴዎች ከነጥልቀታቸው አሰፈረ፤ ከእያንዳንዱ አጠገብ የቋጠሮውን ቁጥር አደረገ። አንድ የማይሞላ ጠብቆ እንደነበር ጻፈ። የመረመረውን ሁሉና በምርመራው ጥፋት አለማግኘቱን ጻፈ። ወርቅ የሚለውን ቃል ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልጻፈም።

ነጋድራሱ ደብዳቤው ሲነበብላቸው ተቆጡ። «ይኼ ምን ዓይነት መልስ ነው? አገኘህ ወይስ አላገኘህም?»

«ጌታዬ፣ ሁለት ምስክር አቁሜ ነበር። አንዱ አዎ አለ፣ አንዱ አይደለም አለ። የአንዱን አፍ ይዤ የአንዱን ቃል ብቻ ባመጣልዎ የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

በችሎቱ ጥግ ዕድሜያቸውን በሙሉ እንስሳ ሲነዱ የኖሩ አንድ አጋሰስ ነጂ ቆመው ነበር። ደብዳቤው እንደገና እንዲነበብላቸው ለመኑ። ከሰሙ በኋላ «ጌታዬ፣ እኛ ጥልቅ ኮቴ ስናይ ከባድ ጭነት እንላለን። ኮቴው ራሱ ጠባብ ቢሆንስ? የአህያ ኮቴ ከበቅሎ ይጠብባል። ጠባብ ኮቴ ያለው እንስሳ ሳይከብደው፣ ሳይዘገይ፣ ጠልቆ ይሰምጣል። የጠባቂው ሁለት ምስክሮች ሁለቱም እውነት ተናግረው ይሆናል። ያልጠየቅነው እንስሳ አልፎ እንደሆነስ?» አሉ።

ችሎቱ ጸጥ አለ። ነጋድራሱ ቁጣቸው በርዶ ከተራራው ሌላ ገጽ ወዳለው ኬላ መልእክት ላኩ፤ የዚያ ኬላ ጠባቂ በራሱ አፈር፣ በራሱ መለኪያ፣ በራሱ ደንብ እንዲፈልግ። እሱም ፈለገ። ከተጠበቀው በላይ አንድም ጥልቅ ኮቴ አላገኘም፤ ያንንም ጻፈ። ሁለቱ ደብዳቤዎች በአንድ ሳጥን ተቀመጡ። የመጀመሪያው ጠባቂ ግን በዚያው ምሽት ሳንቃውን ይዞ ወደ መረሬው ወረደ፤ ውኃውን አርከፈከፈ፣ ጠጠሩን ለቀመ።

ምሳሌው ይህ ነው። የምሳሌው ጭቃ በእውነተኛው ዓለም ሲሊከን ነው፤ ኬላውም በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ድንበር፣ ከጄኔቫ አጠገብ፣ ከመሬት በታች 100 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ሰርን የተባለው የአውሮፓ የቅንጣት ምርምር ማዕከል 27 ኪሎ ሜትር በሚዞር ዋሻ ውስጥ ፕሮቶኖችን ከብርሃን ፍጥነት ጥቂት ብቻ በሚያንስ ፍጥነት ያጋጫል። ከግጭቱ የሚወጣውን ከሚመዘግቡት ግዙፍ መሣሪያዎች አንዱ አትላስ ነው፤ ርዝመቱ 46 ሜትር፣ ክብደቱ 7,000 ቶን። የሚፈለገው ደግሞ የኤሌክትሪክ ሙል ያለው፣ ከባድ፣ ቶሎ የማይፈርስ አዲስ ቅንጣት ነው። እስካሁን የምናውቃቸው ቅንጣቶች የጽንፈ ዓለሙን ሒሳብ አይዘጉም፤ «ጨለማ ቁስ» የሚባለው ምን እንደሆነ አይነግሩንም። ስለዚህ ሌላ ነገር መኖር አለበት ብለው የሚያስቡ ብዙዎች ናቸው።

ሙል ያለው ቅንጣት በሲሊከን ውስጥ ሲያልፍ ከአተሞቹ ኤሌክትሮን እየነቀለ ይሄዳል። በዘገየ መጠን በእያንዳንዱ አተም አጠገብ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፤ ዱካውም ይጠልቃል። ማግኔት መንገዱን ያጎብጠዋል፤ ከጉብጠቱ ግፊቱ ይታወቃል። ግፊቱ ትልቅ ሆኖ ፍጥነቱ ትንሽ ከሆነ ቅንጣቱ ከባድ ነው ማለት ነው። ሁለተኛው ምስክር ሰዓት ነው፦ ቅንጣቱ ወደ ውጭኛዎቹ የመሣሪያው ክፍሎች ስንት ጊዜ ፈጅቶ እንደደረሰ ይለካል። ሁለቱም መዘግየቱን የሚመሰክሩ፣ ግን አንዱ በሌላው ላይ የማይደገፉ መንገዶች ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2022 አትላስ ከ2015 እስከ 2018 የሰበሰበውን መረጃ መርምሮ ውጤቱን አሳወቀ። በጣም ጥልቅ ዱካ በሚፈለግበት ክልል 0.7 ያህል ተጠብቆ 7 ተገኘ። ዱካቸው እውነት ከሆነ ከፕሮቶን ከ1,000 ጊዜ በላይ የሚከብዱ ናቸው። እንዲህ ያለ ብልጫ በአጋጣሚ የሚመጣበት ዕድል ከ2,000 አንድ ያህል ነው። ይህ በቂ ማስረጃ ይመስላል፤ ግን በዚህ ሙያ «ተገኘ» ለማለት ዕድሉ ከ3.5 ሚሊዮን አንድ መሆን አለበት። መሣሪያው ተበላሽቶ እንደሆነ እያንዳንዱ ዱካ ተመረመረ፤ እንከን አልተገኘም። ከዚያ ሰዓቱ ተጠየቀ። ሰዓቱ ሰባቱም በብርሃን ፍጥነት አካባቢ እንዳለፉ መሰከረ። ዱካቸው እንደሚለው ከባድ ቢሆኑ ኖሮ በዚያ ልክ ሊፈጥኑ አይችሉም ነበር።

የአትላስ ሰዎች ሁለቱንም ጻፉ። እኔ ከዚህ ሁሉ ሥራ አብልጬ የማከብረው ይህን ነው። የሚሊዮኖች ዓይን በሚጠብቀው ቦታ፣ ዜና ሊሆን የሚችል ቁጥር እጃቸው ላይ እያለ፣ ዜናውን የሚያፈርሰውን ቁጥር ከጎኑ አሰፈሩ። ትሑት መስለው ለመታየት እንዳልሆነ የሚገባን በኋላ የሆነውን ስናይ ነው። ሁለቱም ቁጥሮች ስለተጻፉ የንድፈ ሐሳብ ሊቃውንት ተነሥተው «ቅንጣቱ የዘገየ ሳይሆን የያዘው ሙል እጥፍ ቢሆንስ?» ብለው ጠየቁ። ሙል በእጥፍ ሲጨምር ዱካው በአራት እጥፍ ይጠልቃል፤ ቅንጣቱ ሳይዘገይ። ሰዓቱ ተደብቆ ቢሆን ይህ ጥያቄ አይነሣም ነበር፤ ዱካውም ተደብቆ ቢሆን እንዲሁ። ሲኤምኤስ የተባለው ሌላው መሣሪያ በራሱ መረጃ፣ በራሱ መንገድ ፈልጎ ከተጠበቀው በላይ አላገኘም። ይህም ታትሟል።

ጥቂት እንግዳ ዱካዎች ሁልጊዜ ከንቱ ሆነው አይቀሩም። እ.ኤ.አ. በ1975 በካሊፎርኒያ፣ ስታንፎርድ፣ ማርቲን ፐርልና ጓደኞቹ ኤሌክትሮንና ፖዚትሮን በሚጋጩበት ስፒር በተባለ ማሽን አንድ ነገር አዩ፦ ከግጭቱ አንድ ኤሌክትሮንና ተቃራኒ ሙል ያለው፣ ሙዮን የተባለ አንድ ሌላ ቅንጣት ብቻ ይወጣሉ፤ የቀረው ጉልበት የት እንደገባ አይታወቅም። በአንዱ ሠንጠረዣቸው ከ5 የማይበልጥ ተጠብቆ 24 ተገኘ። ፐርል ወጣት እያለ የኬሚካል ምሕንድስና የተማረ ሰው ነው፤ ከዚያ በፊትም ሙዮን ከኤሌክትሮን በምን እንደሚለይ ለዓመታት ፈልጎ አላገኘም ነበር። በዚያ ዓመት ባሳተመው ጽሑፍ የታየው ነገር በታወቀ መንገድ እንደማይገለጽ ተናገረ እንጂ ከዚያ አልዘለለም። ሁለት ዓመት ያህል ብዙዎች ተጠራጠሩት። በ1977 በሃምቡርግ የነበረ ሌላ ማሽንም ያንኑ አየ። ቅንጣቱ ታው ነበር፦ ከኤሌክትሮን 3,500 ጊዜ ያህል የሚከብድ ወንድሙ፤ ሁለት ሆነው ተወልደው አንዱ ወደ ኤሌክትሮን፣ ሌላው ወደ ሙዮን ሲፈርስ የጠፋውን ጉልበት የወሰዱት ኒውትሪኖ የሚባሉ የማይታዩ ቅንጣቶች ናቸው። ፐርል በ1995 የኖቤል ሽልማት ተካፈለ።

የአትላስ ሰባት ዱካዎች ታው ይሆናሉ እያልኩ አይደለም፤ የሲኤምኤስን ውጤት ስመለከት አጋጣሚ መሆናቸው የሚቀርብ ይመስለኛል። ነገር ግን የፐርልን 24 እና የአትላስን 7 የለየው የተመራማሪዎቹ ሐቀኝነት አይደለም፤ በሁለቱም ቦታ የታየው እንደታየ ተጽፏል። ልዩነቱን የወሰነው በኋላ የተነሣው ሌላው ምስክር ነው።

ሰዎች ስለዚህ ፍለጋ ሲሰሙ «ስንት ዓመት ፈልገው ምን አገኙ?» ይላሉ። መልሱ አጭር ነው። ሙል ያለው አዲስ መሠረታዊ ቅንጣት ለመጨረሻ ጊዜ የተገኘው በ1995፣ በአሜሪካ ቺካጎ አጠገብ በሚገኘው ፌርሚላብ ነው፤ ቶፕ ኳርክ ይባላል። በ2012 ሰርን ያገኘው ሂግስ ቦዞን ሙል የለውም። ከቶፕ ኳርክ ወዲህ ሙል ላለው አዲስ መሠረታዊ ቅንጣት የተደረጉት ፍለጋዎች ሁሉ «ይህን ያህል ጠብቀን ይህን ያህል አየን» እያሉ ታትመዋል፤ አንዳቸውም ተገኘ አላሉም። የሰርን ማሽን በ2022 እንደገና ተነሥቶ ከቀድሞው በሚበልጥ ጉልበት፣ በ13.6 ትሪሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት፣ ማጋጨት ጀምሯል።